ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች ሕፃን ልንወስድ ነው፤ ምን እንጠብቅ?

ሰላም ከኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ያለንበትን ልንገራችሁና ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረን።

እኔና ባለቤቴ ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። እሱ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። እኔ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከተጋባን ቆይተናል፣ አላህ ግን ልጅ አልሰጠንም። ልጅ ወስደን እናሳድግ ብለን ከተስማማን ሰነባብቷል።

ከባለቤቴ ዘመዶች አንዷ ተሁለደሬ ነበር የምትኖረው። ነፍሰ ጡር ሆና ደም ግፊት ያዛት። ወደ ደሴ ሪፈር ተጽፎላት በ31 ሳምንቷ ወለደች። እሷ አልተረፈችም፤ አላህ ይርሐማት። ልጅቷ ግን አለች። ስትወለድ 1 ሺህ 350 ግራም ነበረች። አሁን ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው። እዚያው ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነች። ወተት የሚሰጧት በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነው። ኦክስጅኑንም ገና ሙሉ በሙሉ አልነቀሉላትም።

አባቷ ሳዑዲ ነው። «እኔ እዚህ ሆኜ ላሳድጋት አልችልም፣ እናንተ ውሰዷት» ብሎ በስልክ ተስማምቷል። አያትየው አቅም የላቸውም። «ከዘመድ እጅ አትውጣብኝ» ብለው እኛኑ ለመኑን። እኛም እሺ ብለናል።

ባለቤቴ አንድ ቀን ሄዶ አይቷት ተመለሰ። ብዙ አላወራም። «ከክርኔ እስከ መዳፌ አትሞላም» አለኝና ዝም አለ።

ጥያቄዬ ብዙ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ስታድግ ምን ይገጥማታል? አእምሮዋስ? ወልጄ የማላውቅ ሰው ምን አብልቼ አሳድጋታለሁ? ጎረቤት «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ነው የማያድገው» ይለኛል፤ ይህስ እውነት ነው? አማቴ ደግሞ «እስክትጠነክር እዚያው ትቆይ፣ ከአሁኑ ልባችሁን አትስጡ» ይላሉ። እንጠብቅ ወይስ አሁኑኑ እንሂድ? ወረቀቱን ገና አልጀመርንም።

አቤል ዘደሴ

እህቴ፣ ሐሳባችሁ የተባረከ ነው። ግን በስሜት አትፈርሙ። ጊዜያቸው ሳይደርስ ከሚወለዱ ልጆች አንዳንዶቹ የእድገት መዘግየት፣ የማየትና የመስማት ችግር ይገጥማቸዋል። መጀመሪያ ሙሉ ምርመራ ይደረግላት። ሐኪሙ ጤነኛ ናት ብሎ ይጻፍላችሁ። ከዚያ ወስኑ። በክፋት እንዳታይብኝ፤ ኋላ አቅም አንሷችሁ ልጅቷ ሁለተኛ እንዳትጎዳ ብዬ ነው።

እናት ከሆጤ

አብሽሪ እህቴ። እኔ ደሴ ሆጤ ነው ቤቴ። ልጃችን በጉዲፈቻ ነው የመጣልን፤ በ30 ሳምንት የተወለደ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ያየሁትን ሳልደብቅ ልንገርሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። እስክትጠነክር ብላችሁ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ውጪና ደሴ ግቢ። አያትየውን ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺን ስለማያውቁሽ ዝም ብለው አያስገቡሽም፣ ልክም ናቸው። ስትገቢ ተረኛዋን ሲስተር «ካንጋሩ መያዝ እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት።

ካንጋሩ የሚሉት ልጅቷን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ፣ በባዶ ደረት ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ በጨርቅ ማሰር ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ነው፤ ማሞቂያው ለልጆቹ አልበቃ ብሎ። ዛሬ ግን ማሞቂያ ሞልቶ በተረፈበት አገርም ይሠራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይመክራል። የልጁን ሙቀት ይጠብቃል፣ ክብደት እንዲጨምር ይረዳል፣ ከኢንፌክሽንም ይከላከላል። የሚይዘው ሰው የግድ የወለደች እናት መሆን የለበትም። ባለቤትሽም ሸሚዙን አውልቆ መያዝ ይችላል። እንዲያውም ይያዛት። ያ ዝምታው የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው።

ለእኔ መጀመሪያ ሲሰጡኝ ሲስተሯ ነጠላዬን ተቀብላ እሷው ነች ያሰረችልኝ። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ሆዴ ላይ ተለጠፉ። ትከሻውና ጀርባው ላይ ስስ ጸጉር ነበረው። ከሁሉ የማልረሳው ጆሮውን ነው። ገና ስላልጠና ኮፍያው ሲጫነው እንደታጠፈ ይቀራል፤ በራሱ አይመለስም። ሲስተሯ በጣቷ ጫፍ ቀስ ብላ ዘረጋችውና «ባስተኛሽው ቁጥር ጆሮውን እዪ» አለችኝ። ከዚያ ተቀመጥኩ። አተነፋፈሱ እየተረጋጋ፣ የኦክስጅኑ ቁጥር እየወጣ ሄደ። ሲስተሯ ቁጥሩን በጣቷ አሳየችኝና ወደ ሌላ ልጅ ሄደች።

አማትሽ «ልባችሁን አትስጡ» ያሉት ለእናንተ ሰግተው ነው። ይገባኛል። ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ልጅቷ አሁን የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል። እናት ስለሌላት ከሌሎቹ የበለጠ ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። የፍርድ ቤቱን ማለቴ አይደለም፤ ወደሱ እመለሳለሁ። የልጅቷን የሕክምና ወረቀት ነው የምልሽ። ይህን ከሁሉ በላይ አስቢበት።

የወለደች እናት ሁሉን በጭንቅላቷ ይዛ ትወጣለች። ስንት ቀን ኦክስጅን ላይ እንደነበረ፣ መቼ ቢጫ እንደሆነ፣ ደም ተሰጥቶት እንደነበር ሐኪም ሲጠይቃት ትመልሳለች። የእኛ ልጆች ግን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፉ ታሪካቸው መሀል ላይ ይቀራል። የእናንተዋ ደግሞ እናቷ የሉም። የሚያስታውስላት ካርዷ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት፣ ሐኪሞቿ ገና እያወቋት፣ የመውጫ ወረቀቷን በደንብ አጽፉ። በስንት ሳምንት ተወለደች፣ ክብደቷ ስንት ነበር፣ ስትወለድ አልቅሳለች ወይስ ረድተው ነው ያስተነፈሷት፣ ኦክስጅን ምን ያህል ቆየች፣ ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ መተንፈስ የሚያግዘው መሣሪያ) ላይ ነበረች ወይ፣ ምን መድኃኒት ወሰደች፣ ደም ተሰጥቷታል ወይ፣ የጭንቅላት አልትራሳውንድ ተነሥታ ከሆነ ውጤቱ። እናቷም ለሕፃኑ ሳንባ የሚሰጠውን መርፌ ከመውለዷ በፊት አግኝታ እንደነበር ይጻፍ። የእናቷ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቂጥኝ ምርመራ ውጤት ደግሞ በፍጹም እንዳይቀር። ኮፒ አድርጊው። በስልክሽም ፎቶ አንሺው። እኔ ዛሬ ድረስ አዲስ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያ ወረቀት ውስጥ ነው የሚመጣው።

አሁን አስቸኳዩን ልንገርሽ። ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው ብለሻል። እንደሷ ትንሽ ሆነው ተወልደው ኦክስጅን የወሰዱ ልጆች በዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል፣ ሬቲናው ላይ፣ የደም ሥሩ በተዛባ ሁኔታ ሊያድግ ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ምንም አይመስልም። የሚታወቀው ባለሙያ ጠብታ አድርጎ ብሌኑን አስፍቶ ሲያየው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ደግሞ በተወለዱ በአራት ሳምንት አካባቢ ነው። ቶሎ ከተገኘ በሌዘር ጨረር ወይም በመርፌ ይታከማል። ካለፈ ግን ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ይህ ምርመራ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅላችሁም። ነገ ስትሄጂ ሐኪሟን «የዓይን ምርመራዋ መቼ ነው፣ የት ነው?» በይው። እኛን አዲስ አበባ ነው የላኩን። የመስማት ምርመራም አብረሽ ጠይቂ።

አቤል፣ የተናገርከው በቅንነት ነው። ብዙ ሰው በሆዱ የሚያስበውን ነው በግልጽ ያወጣኸው። ግን በዚህ ዕድሜ «ጤነኛ ናት» ብሎ የሚፈርም ሐኪም የለም፤ መኖርም የለበትም። የጭንቅላት አልትራሳውንድ ደም ፈስሶ ከሆነ ያሳያል። ንጹሕ መሆኑ ግን ለወደፊቱ ዋስትና አይሆንም፤ ትንሽ ነገር መታየቱም ፍርድ አይደለም። እውነቱ የሚታወቀው ልጅቷ ስትቀመጥ፣ ስትቆም፣ ስትናገር ነው። ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ እህቴ፣ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ «ጤነኛ ትሆን ይሆን?» ብላችሁ ሳይሆን «ሕክምና ቢያስፈልጋት እናመላልሳታለን ወይ? ከሱቁ ማን ይቀመጣል? የትራንስፖርቱስ?» ብላችሁ ነው። ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ይህን በግልጽ አውሩ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሂዱ።

የሰባት ወርና የስምንት ወር ወሬ እውነት አይደለም። ማህፀን ውስጥ የቆየ ሁሉ ይሻለዋል። በ35 ሳምንት የተወለደ በ31 ከተወለደው የተሻለ ዕድል አለው። ከ28 ሳምንት በፊት የሚወለዱት ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው የሚገጥማቸው። የእናንተዋ መሀል ላይ ነች። የመጀመሪያዎቹን ከባድ ቀናትም አልፋለች።

ዕድሜዋን በሁለት ዓይነት ቁጠሪ። 31 ሳምንት ማለት ከ40ው ዘጠኝ ሳምንት ቀድማለች፤ ሁለት ወር በይው። በልደቷ ስድስት ወር ሲሆናት ጠባይዋ የአራት ወር ልጅ ነው። የጎረቤት ልጅ በስድስት ወሩ ቢቀመጥ የእናንተዋ በስምንት ትቀመጥ ይሆናል፤ አልዘገየችም ማለት ነው። እስከ ሁለት ዓመቷ እንዲህ ይቆጠራል። ክትባቷ ብቻ በልደቷ ነው፤ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ስድስተኛ ሳምንቷ ነው። «ገና ትንሽ ናት» ብሎ የሚያዘገይ ሰው ካጋጠመሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳውን ክትባት) ሳትከተብ ወጥታ እንዳይሆንም እዪ።

ቤት ስትገባ ምን ይመስላል? መብላት ሥራ ይሆንባታል። ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ትበላለች፣ ያውም ቀስ ብላ፣ እያረፈች። መሀል ላይ ትተኛለች። ማታ ማታ ታቃስታለች፤ መጀመሪያ ያስደነግጣል። ደግሞ ቶሎ ይደክማታል። ፊቷን ዞር ስታደርግ፣ ጣቶቿን ስትዘረጋ፣ ስቅ ሲላት «በቃኝ» ማለቷ ነው። መብራቱን ቀንሺ፣ ድምፁን ቀንሺ፣ ደረትሽ ላይ አድርጊያት።

እዚህ ላይ የወሎ ቤት ፈተና ይመጣል። ዘመድ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። የሳንባዋ ነገር ገና ነው። ጭስ በፍጹም አይጠጋት። ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ያለ እጣን ይጠጣ፤ የሚቀየም ካለ ይቀየም። እኛ ደሴ ብርዱ ስለሚከብድ ከሰል አንድዶ ቤት ማሞቅ ይለመዳል። ልጅ ባለበት ክፍል ከሰል ገዳይ ነው። ደረት ለደረት ይዘሽ ጋቢ ደርቢበት፤ ከከሰል ይሻላል። ኮምቦልቻ ይሞቃል ብለሽም እንዳትዘናጊ፣ ማታ ማታ እግሯን ንኪ። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ አክስትም ትሁን፣ በር ላይ ይሰናበት። እጅ ሳይታጠቡ አትሰጭ።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ በፍቅር የሚያመጡት ነገር አለ። ቅቤ ይዋጣት፣ እንጥሏ ይቆረጥ፣ ግግ ይውጣላት ይላሉ። እምቢ በይ። ትሕትናሽን አትቀንሺ፣ ግን እምቢ በይ። ጠብታ ቅቤ ወደ ሳንባዋ ከገባ ትልቅ ጣጣ ነው። እኔ «ሐኪሙ ከልክሎኛል» እያልኩ ነው ያለፍኩት፤ ሐኪም ከተባለ ብዙ አይከራከሩም።

በመጀመሪያው ዓመት ሆስፒታል ተመልሳ ልትተኛ ትችላለች። ሳምባ ምች፣ ደም ማነስ፣ እምብርቷ ወይም ብሽሽቷ አካባቢ እብጠት፣ እነዚህ እንዲህ በተወለዱ ልጆች ላይ ይበዛሉ። ቢሆን አትደንግጡ፣ አሳዳጊነታችሁ አልከሸፈም። የአይረን ጠብታዋን ሐኪሙ ባዘዘው መጠን እንዳታቋርጪ።

የእኔ ልጅ ዛሬ መነጽር ያደርጋል። መሮጥ ይወዳል፣ ኳስ መምታት ላይ ግን እግሩ ይቀድመዋል። ፊደሉን ቆይቶ ነው የያዘው፤ አሁን ማንበብ ጀምሯል። ከክፍሉ ልጆች ቀጠን ይላል። ደሴ መናፈሻ ይዤው ስወጣ ከፊቴ ሮጦ ይጠፋብኛል።

የፍርድ ቤቱን ነገር በአጭሩ። ጉዲፈቻ በስምምነት ይጀመርና ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው የሚጸናው። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አብራችሁ ነው የምትዋዋሉት። አባትየው በሕይወት ስላለ ፈቃዱ ያስፈልጋል፤ በስልክ እሺ ማለቱ አይበቃም። ሪያድ ካለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ካለው ቆንስላ ውክልና ይላክ። እሱን ዛሬውኑ አስጀምሩት፤ የሚያጓትተው እሱ ነው። ከከተማችሁ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ወደሚይዘው ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ ቤታችሁን መጥተው ያያሉ። የጋብቻ ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ እኛ ተጠይቀናል።

ሲስተር ዘወሎ

ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። የሆጤዋ እናት ከተናገረችው ላይ ጥቂት ልጨምር።

31 ሳምንት ላይ ሦስት ሳምንት ሲጨመር 34 ሆናለች። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምሩት በዚህ ሰሞን ነው። ስለዚህ ቱቦው ላይ መሆኗ አያስጨንቅሽ። በቅርቡ በጽዋ ወይም በማንኪያ ይሞክሯታል። ያን ጊዜ አጠገባቸው ቁሚና ተማሪ፤ ቤት የምታበይው አንቺ ነሽ። የሰው ወተት ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። ዘመድ ታልባ የምትሰጥ ከሆነ ግን አስቀድማ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራ ታድርግ። የዱቄት ወተት ከሆነ ልኬቱን ሐኪሙ እንዳዘዘው ብቻ፤ ለቁጠባ ብሎ ማቅጠን አይሠራም። ጡጦ ከምታጥቢ ጽዋ ማጠብ ይቀላል፣ ንጽሕናውም ያስተማምናል።

ወዲያው ወደ ሆስፒታል የምትሮጪባቸውን ግድግዳ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። ትንፋሿ ቆም ካለ። ከንፈሯ ወይም ምላሷ ሰማያዊ ከሆነ። ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ። መብላት ካቆመች። ስትነኪያት ከቀዘቀዘች፣ ቴርሞሜትሩ ከ35.5 በታች ወይም ከ37.5 በላይ ካለ። ሆዷ ተነፍቶ አረንጓዴ ካስመለሳት። ቢጫነቷ እስከ እግሯ ከወረደ። «ነገ ጠዋት እናያለን» የሚባል ነገር የለም፤ እነዚህ ልጆች በሰዓታት ነው የሚለወጡት። ቴርሞሜትር ግዢ። ስታስተኛት በጀርባዋ ነው፣ ፊቷ ላይ ጨርቅ አይጣል።

ካንጋሩውን ደግሞ ቤት ስትገባም አታቋርጪ። ራሷ «አልፈልግም» ብላ እስክትወራጭ ድረስ ቀጥዪ።

ኡሙ ሐናን

እህቴ አላህ አጅርሽን ያብዛልሽ። እናት የሌላትን ልጅ ማሳደግ ምንዳው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔም ኮምቦልቻ ነኝ፣ እህቴ የሞተችባትን ልጅ ነው የማሳድገው።

ስሙን ከአሁኑ አስቡበት። በዲናችን ልጅን ማሳደግ ትልቅ ሥራ ነው፤ ዘሯን መቀየር ግን አይፈቀድም። በአባቷ ስም ትጠራ። እኛ የሄድነው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ ሞግዚትነት ነው ያወጣነው። ለትምህርት ቤትም፣ ለሕክምናም ሠርቶልናል። እናንተ በየትኛው እንደምትሄዱ ሸይኻችሁንም፣ የሕግ ባለሙያም አማክሩ። የውርስ ነገር በሁለቱ መንገድ ይለያያል፣ በሱም ጠይቁ። ለእሷ የምትተዉላትን በሕይወት እያላችሁ ስጦታ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሌላው የጡት ነገር ነው፤ በዲናችን ማጥባት ዝምድና ይፈጥራል። ስታድግ ለባለቤትሽ ባዳ እንዳትሆን የሚያጠባት ሰው ይታሰብበት። የባለቤትሽ እህት የምታጠባ ሕፃን ካላት፣ እሷ ብታጠባት ባለቤትሽ የጡት አጎቷ ይሆናል። ለዚህ በሻፊዒ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አካሄድ) አምስት ጊዜ ጠግባ መጥባት ነው። በቱቦ የተሰጠው ይቆጠራል ወይ የሚለውን ሸይኹን ጠይቂ። ሲስተር የተናገረችው ምርመራ ግን መጀመሪያ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ይፈራት ነበር። ዛሬ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚያነሣት።

ሰላም ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የሆጤዋ እህት ያልሽውን አንድ በአንድ አወራን። መልሳችን «አዎ» ነው። ወንድሜ አቤል፣ አንተንም አመሰግናለሁ፤ የጠየቅከው ባይኖር እኛም በግልጽ አናወራም ነበር።

ደሴ ሄድን። አያትየውን ይዘን ነው የገባነው። ካንጋሩ አስያዙኝ። ጆሮዋን አየሁት፤ እውነትሽን ነው፣ እንደታጠፈ ይቀራል። ባለቤቴም ሲስተሯ ጠይቃው እሺ አለ። ነገ እሱ ነው የሚገባው።

የባለቤቴ ታናሽ እህት የሰባት ወር ልጅ ታጠባለች። ትመርመር ብለናታል፣ ደስ ብሏት እሺ አለች። ስለ ዓይኗ ሐኪሙን ስጠይቀው «ልክ ነሽ፣ ሪፈር እጽፍላችኋለሁ» አለ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ወረቀታችን አላለቀም። አዲስ አበባ ይዘናት ብንሄድ «እናንተ ማን ናችሁ?» ብንባልስ? ደግሞ ከኦክስጅን ሳትነቀል መንገዱን ትችለዋለች?

እናት ከሆጤ

እልል በይ እህቴ! ደስ አለኝ።

መንገዱን ከሁለተኛው ልመልስ። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ኦክስጅን ላይ ሆና በሕዝብ መኪና አትሞከርም። ሐኪሙን «በአምቡላንስ ነው ወይስ ተነቅላ እስክትረጋጋ ይቆይ?» በይው። ጥቂት ቀን ይቆይ ካለ እስከ መቼ እንደሆነ በቀን ይንገራችሁ፤ «ስትጠነክር» የሚል መልስ አትቀበይ። የዓይን ባለሙያ ወደ ደሴ የሚመጣበት ጊዜ ካለም ጠይቂው። እዚሁ ብትታይ ከሁሉ ይሻላል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ እስኪጸድቅ ድረስ ፈራሚው ቤተሰቧ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ አያትየው መታወቂያቸውን ይዘው አብረዋችሁ ይሂዱ። ጉዞው የሚከብዳቸው ከሆነ አባትየው ውክልናውን ሲልክ የሕክምና ውሳኔ የሚል ቃል ይጨመርበት፤ ለባለቤትሽ በስሙ ይሁን። ስልኩም ክፍት ይሁን፣ ሐኪም ቢያናግረው ጥሩ ነው። የእናትየውን የሞት ማስረጃ፣ የልጅቷን የልደት ማስታወቂያ ከሆስፒታሉ፣ ሪፈሩንና የመውጫ ወረቀቱን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጊ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ኮፒ። ዋናውን ለማንም አትስጪ፣ ኮፒ ስጪ።

ለምርመራው ቀን ደግሞ፣ ጠብታው ከገባ በኋላ ብርሃን ያስቸግራታል። ሰፋ ያለ ኮፍያ ያዢላት። ከምርመራው በፊት መቼ መብላት እንዳለባት ጠይቂ፣ ሲያይዋት ሊያስመልሳት ይችላልና። ታለቅሳለች፣ ሐኪሙ ዓይኗን በትንሽ ብረት ከፍቶ ነው የሚያየው። ማየት ከከበደሽ ባለቤትሽ ይያዛት። እንዳለቀ ደረትሽ ላይ አድርጊያት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በጽሑፍ ሳትይዢ ከዚያ ክፍል እንዳትወጪ። ሬቲናው ሙሉ በሙሉ አድጓል እስኪሉሽ ድረስ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሊጠሯችሁ ይችላሉ። ማደሪያ ከሌላችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እኛ ያረፍንበትን እነግርሻለሁ።